ማዳበሪያው የሄደበት

የወረቀት ዶቃ ትዕግሥት ይፈልጋል። ያለፈው ዓመት ካላንደር ወደ ጫፉ እየሾለ በረጅሙ ይቆረጣል፤ ከሰፊው በኩል ተጀምሮ ስቴኪኒ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ ጫፉ በኮላ ይያዝና ስቴኪኒው ሲሳብ ቀዳዳው ይቀራል። ቫርኒሽ ሲነካው ደግሞ ድንጋይ ይመስላል። ለእህቴ ልጅ ሚዜዎች ሐብል ልሠራበት ያጠራቀምኩት ዶቃ፣ የቢራ ቆርኪና የመዳብ ሽቦ በማዳበሪያ ሞልቶ በረንዳ ላይ ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ ከሥራ ብገባ ማዳበሪያው የለም።

«ያ ኮተት? ለቆራሌው ሰጠሁልሽ እኮ!» አሉኝ አክስቴ። ቤቱን ለእንግዳ እያሰናዱ ነውና ምን እላቸዋለሁ? እንባዬን ዋጥ አድርጌ በማግሥቱ ማልጄ ምናለሽ ተራ ወረድኩ።

መርካቶ ውስጥ ከዚህ ሰፈር የማስበልጠው የለም። በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው በረባሶ፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። ከተጣለ ነገር ጌጥ መሥራትን የዘንድሮ ፋሽን የሚያደርጉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። አንጥረኞቻችን 1780 የሚል የተቀረጸበትን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር እያቀለጡ ስንት መስቀልና ድሪ ሠርተዋል! በታችኛው ኦሞ የዳሰነች ሴቶች ቆርኪ ደርድረው ራሳቸው ላይ ሲደፉት እንዴት እንደሚያምርባቸው! ከቀለጠ የጥይት ቀለህ የሚሠራውን የእንጦጦ ዶቃማ ሳጠልቅ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል፤ ያ ናስ መጀመሪያ የተሠራው ለምን ነበር?

ማዳበሪያውን አንድ የብረታ ብረት ሱቅ በር ላይ አገኘሁት። ዶቃው ከካርቶን ጋር ተጭኖ ሄዷል። ቆርኪውንና ሽቦውን ባለሱቁ በኪሎ ሒሳብ መለሱልኝ። አጠገባቸው ብረት የሚቀጠቅጡ ሽማግሌ ሽቦውን አገላብጠው አዩት።

«ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?»

«ጉትቻ፣ አባባ።»

«ደርቋል፤ ይሰበርብሻል። መጀመሪያ አግዪው።»

ፍሙ ላይ ጣሉት። ሲቀላ በጉጠት አንስተው ውኃ ውስጥ ነከሩት፤ ጥስስ አለ። ጠቁሮ ወጣ፤ ያለ ፒንሳ፣ በጣቴ ብቻ ታጠፈልኝ። ለካ መዳብ በተቀጠቀጠና በተጣጠፈ ቁጥር ይጠነክራል፤ እሳት ነው መልሶ የሚያለሰልሰው። የላስቲክ ልባሱ ግን በቢላ ይላጥ እንጂ አይቃጠል፤ ጭሱ መርዝ ነው። ሽቦ ከበው የሚያቃጥሉ ልጆችን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ሐብሉ ቀርቶ ሚዜዎቹ ጉትቻ አደረጉ። አንዲት የሠርግ እንግዳ ወዳው ዋጋ ጠየቀችኝ፤ ከምን እንደተሠራ ስነግራት «ታዲያ ከቆርኪ ከሆነ ቀንሺያ!» አለች። አልቀነስኩም። ቆርኪውን በምስማር እንዴት እንደበሳሁት፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ እንዳጠፍኩት፣ ጆሮ እንዳይቧጭር ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እንዳለሰለስኩት አሳየኋት። በጠራሁት ዋጋ ወሰደች፤ ለእህቷም ሌላ ጥንድ አዘዘችኝ።