ከላንጋኖ ሐይቅ የወጣ የቀለበት አዋጅ

ሞዓ ቀለበት ዘእምነገደ ስምጥ ሸለቆ፣ ላንጋኖ፣ ሥዩመ ደለል፣ ንጉሠ አሸዋ።

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ፎጣህን ያነጠፍክ፣ ጀልባ የተከራየህ፣ ዳር ቆመህ ፎቶ የምትነሣ ሁሉ አድምጥ!

ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ቢልሃርዝያ የለበትም ስለተባልን ብቻ ወደ እኛ የሚዘሉ ሰዎች በየበዓሉ እየበዙ በመምጣታቸው፤

እነዚሁ ሰዎች ሲገቡ ባለ ቀለበት፣ ሲወጡ ባለ ጣት ብቻ እየሆኑ በመቸገራቸው፤

ውኃችን ቡናማ ስለሆነ የገዛ ጉልበቱን ማየት ያቃተው ሰው ቀለበቱን በዓይኑ ልፈልግ ማለቱ የእኛን ክብር፣ የእርሱንም ወገብ የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ፤

የብረት መፈለጊያ ማሽን ይዞ ውኃ ውስጥ መመላለስ በሌላው ዓለም ሐይቆች የተለመደ በመሆኑና ነገ ከነገ ወዲያ እኛም ዘንድ መድረሱ ስለማይቀር፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «ስለ ሰመጠ ወርቅና ስለ ተጣለ ቆርኪ የወጣ አዋጅ ቁጥር 1» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር 2 እንዳይከተል እጃችሁን ሰብስቡ።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

«ቀለበት» ማለት ባለ 14፣ ባለ 18 ወይም ባለ 21 ካራት የወርቅ ቀለበት ሲሆን የጣሳ ቢራ መክፈቻ ቀለበትን አይጨምርም። ማሽኑ ግን ይህን ድንጋጌ አላነበበም። በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ያካትታል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ጾታ ለይቶ ጣት አያቀጥንም።

አንቀጽ 3። ስለ አጠፋፍ

ቀለበት በመተት አይጠፋም። ቅዝቃዜው ጣትን ያቀጥናል፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ ያሙለጨልጫል፣ ቀሪውን ሥራ ኳስ መወርወርና ጓደኛ ላይ ውኃ መርጨት ይጨርሱታል። ንጹሕ ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ስለሚከብድ ተንሳፎ ባለቤቱን አይጣራም። በግዛታችን መንሳፈፍ የተፈቀደለት ድንጋይ ፑሚስ ብቻ ነው። ወርቁ ለስላሳውን ደለል ሰንጥቆ ጠንካራው ወለል ላይ ያርፋል፤ ማዕበሉም አሸዋ ያለብሰዋል። ስለዚህ «እዚህችው ጋ ነው የወደቀው!» እያለ በእግሩ የሚያተራምስ ባል የቀለበቱን ቀብር እያስፈጸመ መሆኑን ይወቅ።

አንቀጽ 4። ስለ ፈላጊ

ፈላጊ ከጉልበት እስከ ደረት ባለው ጥልቀት ይሰማራ፤ ሰው የሚላፋውና ልጁን ዋና የሚያለማምደው እዚያ ነው። ገመድ ዘርግቶ በመስመር ይሂድ። እዚህም እዚያም የሚረግጥ ሰው አንዱን ቦታ አሥር ጊዜ ይፈትሻል፣ ቀለበቱ ያለበትን ግን ይዘላል። የማሽኑን ክብ ጭንቅላት ወለሉን አስጠግቶ በቀስታ ያወዛውዝ። ማሽኑ መግነጢሳዊ መስክ ይልካል፤ መስኩ ብረታ ብረት ሲነካ በውስጡ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይዞራል፣ ያም መልስ ሆኖ ጆሮ ማዳመጫው ላይ ይጮኻል። ከስንዝር ብዙ ጠልቆ የተቀበረ ቀለበት ግን መልሱ አይሰማም። ቀጭን የአንገት ሐብልም ዘለበቶቹ እያንዳንዳቸው ኢምንት ስለሆኑ፣ ሙሉውን ተዘርግቶ ተኝቶ እያለ ማሽኑ ሊያልፈው ይችላል።

እኛ የእሳተ ገሞራ ልጆች ነን። አሸዋችን ብረት አዘል ቅንጣት አያጣም፣ ውኃችንም ሶዳ ቀመስ ነው። ማሽኑን ለዚህ ሳያስተካክል የገባ ፈላጊ ሐይቁ በሙሉ ወርቅ መስሎት ሲደሰት ይውላል።

ጫፉ ብረት የሆነ ጫማ ተከልክሏል። በ1881 እ.ኤ.አ. የስልኩ ሰው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በተመሳሳይ መሣሪያ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት ሲፈልግ፣ የፍራሹ የብረት ሽቦ ሳያደናግረው እንዳልቀረ ይነገራል። ለቤል ያልራራ ብረት ለአንተ አይራራም። በባዶ እግር መግባትም አይፈቀድም፤ ከቀለበት የጠርሙስ ስባሪ ይበዛል።

አንቀጽ 5። ስለ ቆርኪ

እዚህ ላይ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን።

ፈላጊ አንድ ቀለበት እስኪያገኝ ድረስ የሚዝቀው ቆርኪ፣ የጣሳ መክፈቻ፣ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት፣ ሳንቲምና ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሹካ ነው። የጣሳ መክፈቻና ቀጭን የወርቅ ቀለበት በጆሮ ማዳመጫው አንድ ዓይነት ይጮኻሉ፤ አንዱን ንቆ ያለፈ ሌላውንም አልፎታል። ስለዚህ ሁሉንም ማውጣት ግድ ነው። አሁን ክርክሩን ፍረዱ፦ ቅዳሜ ቢራ ከፍቶ ቆርኪውን ወደ እኛ የወረወረውና እሑድ «ቀለበቴን!» ብሎ እሪ የሚለው አንድ ሰው ነው። ወርቁን እኛ ደበቅነው ይላል፤ በዙሪያው የቆርኪ አጥር ያጠረው ግን ራሱ ነው።

ፈላጊ ወገቡ ላይ ሁለት ከረጢት ይታጠቅ፣ አንዱ ለወርቅ፣ አንዱ ለቆሻሻ። የወርቁ ትንሽ ቢሆን ይበቃል። አንዴ የወጣ ቆርኪ ተመልሶ አይገባም፤ «ቦታው ስለሆነ ነው የመለስኩት» የሚል መከላከያ ተቀባይነት የለውም።

አንቀጽ 6። ስለ ባለቤትነት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅና ዕቃውን እንዲጠብቅ ያዛል፤ እኛም አንቃረነውም። ውስጡ ስምና የሠርግ ቀን የተቀረጸበትን ቀለበት ይዞ «ሐይቁ ሰጠኝ» ማለት ክልክል ነው። እኛ ለማንም ምንም አልሰጠንም። ጥንታዊ የሚመስል ነገር የገጠመው ደግሞ እዚያው ትቶ ለቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያሳውቅ።

ቀለበቱን ሱሪው ኪስ ውስጥ ደብቆ ከአንዲት «የአክስቴ ልጅ» ጋር ሲዝናና ውሎ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ «ላንጋኖ ወሰደብኝ» የሚል ባለትዳር በስም ማጥፋት ይከሰሳል። ሚስት ፍለጋው በውኃ ውስጥ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን በሱሪው ኪስ ላይ እንድታሳልፍ ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቷታል።

አንቀጽ 7። ቅጣት

የቆፈረውን ጉድጓድ ሳይደፍን የሄደ፣ ከኋላው ለሚመጣ ሕፃን ወገብ የነበረውን ውኃ አገጭ አድርጎታልና፣ በፋሲካ ማግስት ዳርቻችንን ብቻውን ይጠርጋል። ይግባኝ የለውም። የፋሲካን ማግስት ዳርቻ ያየ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነው ብሎ ሊያማልድ ይችላል፤ አንሰማም።

አንቀጽ 8። አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ አይታተምም፤ ወረቀቱም ዞሮ እኛው ላይ ይጣላልና። ማናቸውም ሰው መዳፉ ላይ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከጨመቀበት ሰከንድ ጀምሮ የጸና ይሆናል።