ስለ ሁለተኛው ትሪ የተሰጠ ማብራሪያ

ይህ ጽሑፍ ስለ ፕሪንተር ነው። ሌላ ነገር የሚፈልግ አንባቢ ካለ ከደጅ ይመለስ፤ በማኅበራችን ቢሮ ከፕሪንተሩ በቀር የተበላሸ ነገር የለም። ማኅበሩ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሀበሻ ማኅበራት አንዱ ነው። ስሙን መጥራት ለጥገናው የሚጨምረው ነገር ስለሌለ ይቆየን።

ሀገር ቤት ቢሮ የሠራ ሰው ቼክ ሲባል ትዝ የሚለው ባንክ የሰጠው ጥራዝ ነው፤ በእጅ ይጻፋል፣ ይቀደዳል፣ ጉርዱ ይቀራል። እዚህ አሜሪካ ግን ብዙ ቢሮ ቼኩን የሚያትመው በሂሳብ ሶፍትዌር ነው። የእኛው ኩዊክቡክስ ነው፤ በፒችትሪ ያደገ ሂሳብ ሠራተኛ ቶሎ ይለምደዋል። ወረቀቱ ግን ተራ ወረቀት አይደለም። የባንኩና የማኅበሩ ስም፣ ተከታታይ ቁጥሩም ቀድሞ ታትሞበት ይመጣል። ከግርጌው በመግነጢሳዊ ቀለም የተጻፈ መስመር አለ፦ ዘጠኝ አሃዝ ያለው የባንኩ መለያ፣ የሂሳቡ ቁጥር፣ የቼኩ ቁጥር። የቁጥሮቹ ቅርጽ ኢ-13ቢ ይባላል፤ የተቀረጸው ማሽን እንዲያነበው እንጂ አባላት እንዲያነቡት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 28 ቀን 2004 ጀምሮ ደግሞ «ቼክ 21» በተባለው ሕግ መሠረት ባንኮች ወረቀቱን ትተው ምስሉን መቀባበል ይችላሉ። እንግዲህ ፊቱ ካማረ፣ ሌላው የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም ማለት ነው። ስለ ቼኩ ነው የማወራው።

ፕሪንተሩ ሁለት ትሪ አለው። በአንደኛው ተራ ወረቀት ይቀርባል፦ የስብሰባ ጥሪ፣ የለቅሶ ማስታወቂያ፣ መዋጮ ያልከፈሉ ሰዎች ስም ዝርዝር። በሁለተኛው ቼክ ይቀርባል። አባል ሁሉ የሚያውቀው አንደኛውን ነው። ሁለተኛው ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ጎንበስ ቀና የማይል ሰው አይደርስበትም።

ችግሩ የመጣው ትሪዎቹ ሲምታቱ ነው። ቼክ ታዞ ተራ ወረቀት ቢወጣ ግድ የለም፣ ተቀዶ ይጣላል። ማስታወቂያ ታዞ ቼክ ሲሳብ ነው ነገር የሚመጣው። አንድ የለቅሶ ማስታወቂያ በቼክ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ከነተራ ቁጥሩ ሟች ቤት ደርሷል። ዕድሜ ልካቸውን መዋጮ የከፈሉት ሟች ከማኅበሩ ያገኙት ቼክ እሱ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ የሐሜተኞች ወሬ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በብዙ ፕሪንተሮች ላይ አንደኛው ትሪ ገና ከፋብሪካው «ማንኛውም መጠን፣ ማንኛውም ዓይነት» ተብሎ የተፈቀደለት ነው። እንዲህ የተፈቀደለት አካል አይመርጥም፤ ከፊቱ ያገኘውን ይበላል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ቼክ በየትኛው ፕሪንተር እንደሚታተም ቢያስታውስም፣ ከየትኛው ትሪ እንደሚበላ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባለሙያዎች የሚመክሩት መላ አለ፦ ያንኑ አንዱን ፕሪንተር ኮምፒውተሩ ላይ በሁለት ስም ማስመዝገብ። አንዱን «ጠቅላላ» ሌላውን «ቼክ» አልነው። አካሉ ያው ነው፣ የተሰካውም በአንድ ገመድ ነው። በመጀመሪያ ስሙ ሲጠሩት ማስታወቂያ ይዞ ይመጣል፤ በሁለተኛ ስሙ ሲጠሩት ወደ ታችኛው ትሪ ይወርዳል። አሠራሩ ትክክለኛና ሕጋዊ ነው፤ የቦርዳችን አባላት ሲነገራቸው በአንዴ ገባቸው። ፕሪንተር ከመግዛታችን በፊትም የሚያውቁት ይመስሉ ነበር።

መስመር ማስተካከልም አለ። የገንዘቡ ልክ ከተዘጋጀለት ሳጥን አልፎ ከታተመ፣ ሶፍትዌሩ ጽሑፉን በኢንች መቶኛ እየለካ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን የሚያስገፋ ቦታ አለው። ቁጥሩ ከሳጥኑ ሲያልፍ መገፋት ያለበት ቁጥሩ ነው። በእኛ ዘንድ ሳጥኑ ይስፋ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ወረቀት የሚስበው ጎማ ነው። ጎማ ብዙ ካገለገለ ይላላል፣ ይላጫል፤ ያን ጊዜ አንድ ሲታዘዝ ሁለት ሁለት ያነሳል። ሁለተኛው ባዶውን ያልፋል፣ የቼኩ ቁጥርና የመዝገቡ ቁጥር ይለያያሉ። ጎማው ርካሽ ነው፤ የሚቀይረውም ሰው ብዙ ልምድ አያሻውም። እኛ ግን ለጎማው ስላገለገለው ረጅም ዘመን የምስጋና ወረቀት ሰጥተን፣ ባለበት እንዲቀጥል ወስነናል። ሶፍትዌሩም ያግዘናል፦ የዴስክቶፑን ፕሮና ፕሪሚየር እትም ሻጩ ከ2024 ወዲህ በአሜሪካ ለአዲስ ገቢ አይሸጥም፤ ቀድመው የገቡት ግን እያሳደሱ መቆየት ይችላሉ። የቦርዱ አባላት ይህን ሰምተው ሶፍትዌሩን የበለጠ ወደዱት።

በጠቅላላ ጉባኤው አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ «ልጆቼ፣ ቼኩ ላይ ሁለት ሰው ይፈርም የለም እንዴ?» ብለው ጠይቀዋል። ይፈርማል፣ እማማ። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ሁለት ፊርማ ተብሎ ተጽፏል። አብዛኛው የአሜሪካ ባንክ ግን ሁለተኛው ፊርማ መኖሩን አይከታተልም፤ ይህንንም ሂሳብ ሲከፈት በሚፈረመው ውል ላይ በደቃቅ ፊደል ያሰፍራል። ደንቡ የእኛ፣ ውሉ የባንኩ፣ እስክሪብቶው የአንድ ሰው ነው።

እኔም በዚያው ስብሰባ፣ «ፕሪንተሩ ታመመ» ብዬ ባመለክት፣ «ለምን ታማሁ!» ብሎ ከፊት ወንበር የተነሣ ሰው ነበር። በማግሥቱ በፕሪንተሩ ክዳን ላይ ይህች ተለጥፋ ተገኘች፤ የማን እጅ እንደሆነ አይታወቅም፦

ወረቀት ቢበላ ማሽን ለምን ታማ፣
አሳታሚው ሳለ ሌላውን ልናማ?

ወረቀቷ ወዲያው ተነሥታለች። የታተመችው ከአንደኛው ትሪ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቼክ ታትሞ ሲያልቅ ሶፍትዌሩ «በትክክል ታትሟል?» ብሎ ይጠይቃል። እሱ ወረቀቱን አያይም፤ አዎ ያለውን ሰው አምኖ ቁጥሩን ይመዘግባል። የተበላሸ ቼክ ሲያጋጥም ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መሰረዝ ነው፦ ልኩ ዜሮ ይሆናል፣ ቁጥሩና ቀኑ ግን መዝገቡ ላይ ይቆያሉ፤ ወረቀቱም «ተሰርዟል» ተብሎበት ይቀመጣል። ሌላው ማጥፋት ነው፦ ቼኩ ከመዝገቡ እንዳልነበረ ይሆናል። በእኛ ቢሮ የሚመረጠው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ መዝገቡን ንጹሕ ለማድረግ ነው ተብሏል። እውነትም ንጹሕ ነው።

ነገር ግን በዚያው ሶፍትዌር፣ ከሪፖርቶቹ መካከል በባንክ ክፍሉ ሥር «የጎደሉ ቼኮች» የሚባል ሪፖርት አለ። ተራ ቁጥሮቹን አሰልፎ የተዘለለውን ያሳያል፤ ማን አጠፋው፣ ለምን አጠፋው አይልም፤ ክፍተቱን ብቻ ያሳያል። ሪፖርት የማየት ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ሊያወጣው ይችላል። ፊርማ አያስፈልገውም፣ መግነጢሳዊ ቀለምም አይጠይቅም። ሁለተኛውን ትሪ መንካትም አያሻም፤ «ጠቅላላ» የሚለውን መርጦ፣ ማስታወቂያ በሚታተምበት ወረቀት፣ ቅዳሜ ስብሰባው ሳይጀመር ለአባላቱ በቁጥራቸው ልክ ማተም ነው።