ብርቱካኗን ያያችሁ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሐበሻ የሚያዘወትረው አንድ ቡና ቤት አለ፤ ጋሽ ዜድ ብቅ ሲል ጨዋታ ይቋረጣል። ሲያሙት ደርሶባቸው አይደለም። የሚፈሩት ስልኩን ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "እስቲ ይቺን ተመልከትልኝ" ካለ አበቃ፤ ሥራ የሚገባው ሰው ይረፍድበታል፣ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፣ ሰሚው ግን ስለ አንዲት የጃፓን መኪና ከኮፋኖ እስከ ማርሚታ ሳይማር ከወንበሩ አይነሣም።

ስሙን አናነሣም፤ ባለቤቱ "እኔንም ጨምራችሁ ልታዋርዱኝ ነው?" ብላለች። "ጋሽ ዜድ" ያሉት ጓደኞቹ ናቸው፤ ዳትሰን 240 ዜድ የምትባለውን ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ሲፈልግ ስለሚኖር። ነገሩ መኪና መግዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ ባለቀ። ፋብሪካው ከ1969 እስከ 1973 ድረስ ከ150 ሺህ በላይ አምርቷል (ዓመቱ ሁሉ እዚህ በፈረንጅ ነው)፤ ዛሬም ገንዘብ ያለው ሰው ጠዋት አስቦ ማታ ሊገዛ ይችላል። ጋሽ ዜድ የሚፈልገው ግን የራሱን ነው። በወጣትነቱ የነዳትን፣ የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ የሸጣትን፣ ያችኑ ብርቱካናማዋን።

አመጣጡ እንደ ብዙ እኩዮቹ በሱዳን በኩል ነው። አሜሪካ በ1980 የስደተኞች ሕጓን ካወጣች በኋላ ከገቡት አንዱ ሆኖ ዋሽንግተን ደረሰ፤ የመጀመሪያ ሥራውም ያኔ ብዙ ሐበሻ የሚሠራው ሆነ፣ መኪና ማቆሚያ። ሌሊት ሌሊት ምድር ቤት ውስጥ የሰው ካዲላክና የሰው መርሴዲስ ያስገባል፣ ያስወጣል። ያልጨበጠው መሪ አልነበረም፤ የነዳው ርቀት ግን ቢደመር ከፎቅ ወደ ፎቅ ነው። አንድ ሌሊት የሥራ ባልደረባው ያረጀችበትን ዳትሰን "ውሰዳትና ገላግለኝ" አለው። ጋሽ ዜድ ከጉርሻ ያጠራቀማትን ቆጥሮ ሰጠና ወሰዳት።

መኪናዋን ለማያውቅ ሰው እንንገር። ኮፋኖዋ ከመርዘሙ የተነሣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው አፍንጫዋ ሌላ ቀበሌ የገባ ይመስላል። ከሥሩ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት ባለ 2.4 ሊትር ሞተር አለ፤ ካርቡሬተሩ ሁለት ነው፣ ፋብሪካውም 151 የፈረስ ጉልበት አለው ይል ነበር። ቀለሟ በፋብሪካው መዝገብ 918 ተብሎ የተቆጠረው ብርቱካናማ ነው። ክሩስኮቷ ላይ ያለው ሰዓት አይሠራም። የእህቶቿም ሰዓት እንደዚያው ነው፤ 240 ዜድ ኖሮት በመኪናው ሰዓት ቀጠሮ የደረሰ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ሌላም የዘር ችግር አለባት፤ የኋላ በሯ ጎሚኒ ሲያረጅ የማርሚታው ጭስ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ጋሽ ዜድ የዛሬ ባለቤቱን፣ ያኔ እጮኛው ሳለች፣ በዚህችው መኪና ቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ተራራ ድረስ ወስዷታል።

"ራሴን ሲያዞረኝ ፍቅር መስሎኝ ነበር" ትላለች እስከ ዛሬ። "ለካ ጭስ ነው።"

ይህቺ መኪና ጃፓን ውስጥ "ፌርሌዲ ዜድ" ነበረች። በአሜሪካ የኒሳን አለቃ የነበሩት ዩታካ ካታያማ፣ በቅጽል ስማቸው ሚስተር ኬ፣ ስሙ ለስፖርት መኪና አልዋጥላቸው ስላለ አሜሪካ የደረሱትን መኪኖች የፌርሌዲን ጽሑፍ አስነቅለው 240 ዜድ የሚል አስለጠፉባቸው። ዋጋዋን 3,526 ዶላር አደረጉት። በዚያ ገንዘብ ጃጓር ኢ-ታይፕን መመኘት እንጂ መግዛት አይቻልም ነበር፤ ገበያተኛውም ወረፋ ይዞ ተሻማባት። ካታያማ እስከ 2015 ኖረው በ105 ዓመታቸው ዐረፉ። ያን ቀን ጋሽ ዜድ ፊቱን አጥቁሮ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ደንግጣ ማን እንደሞተ ጠየቀችው። "ካታያማ" አላት። "የማን ወገን ናቸው?" አለች ምስኪን፣ ነጠላዋን ለማንሣት እየተዘጋጀች።

ቡና ቤቱ ውስጥ ክርክር ሲነሣ ትልቁ ማስረጃው የሳፋሪ ራሊ ነው። "ይቺ የአስፋልት ቅምጥል ናት፤ ኮረኮንች ብታይ በነጋታው ባትላሜራ ቤት ነች" የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱ ግን ከጋሽ ዜድ ጋር ነው። የ1971ን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር ያሸነፉት በ240 ዜድ ነው። በ1973 ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር ሜታ በዚያችው ዓይነት መኪና ደገመው። ያውም እንደዋዛ አልነበረም፤ በሌላ ዳትሰን ከሚነዳው ከስዊድናዊው ሃሪ ሼልስትሮም ጋር በቅጣት ነጥብ እኩል ወጥተው፣ ድሉ ለሜታ ተፈረደለት። "ከሞያሌ ማዶ ያለው ጭቃ ከኛ ጭቃ በምን ይለያል?" ሲል ጋሽ ዜድ መልስ የሚሰጠው የለም።

ከዚያ ልጅ መጣች። ባለሁለት መቀመጫ መኪና የሦስት ሰው ቤተሰብ አትይዝም። ጋሽ ዜድ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ አንድ ፀጉረ ቀይ ጎረምሳ መጣ፣ የተጠየቀውን ያለ ክርክር ቆጠረ፣ ነድቷት ሄደ። ያለ ክርክር መክፈሉ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል። በእጁ የቀረው አንድ ፎቶግራፍና ከድሮ የኢንሹራንስ ወረቀት ላይ የተገኘ፣ ኤችኤልኤስ 30 ብሎ የሚጀምር የሻንሲ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ካለ ምን ቸገረ ትሉ ይሆናል። የመኪናን የሕይወት ታሪክ ለጥቂት ዶላር አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ፤ የሚያነቡት ግን ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ደንብ የሆነውን ባለ 17 ሆሄ ቁጥር ነው። የብርቱካኗ ቁጥር አጭር ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ገና ሳያየው ይመልሰዋል። ታርጋ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሄዶ "የዛሬ ባለቤቷን ንገሩኝ" እንዳይል ደግሞ፣ ኮንግረስ በ1994 ያወጣው ሕግ የባለ መኪናን ስምና አድራሻ ለጠየቀ ሁሉ መስጠትን ይከለክላል። ለሕጉ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሬቤካ ሼፈር የተባለች ተዋናይ በ1989 መገደሏ ነው፤ ገዳዩ አድራሻዋን ያገኘው በአንድ የግል መርማሪ በኩል ከእንዲህ ያለ መዝገብ ነበር። ስለዚህ ጋሽ ዜድም አይከራከርም። "ልክ ናቸው" ይላል። "እኔ ራሴ ብሆን ለእንደኔ ዓይነት ሰው አልሰጥም።" አንድ ጓደኛው እንደሚለው አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ደላላ በሁለት ቀን ያገኛት ነበር፤ ባያገኛት እንኳ የምትመስላትን ብርቱካናማ ቀብቶ ያመጣ ነበር።

በዚህ ሕመም የተያዘ እርሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስቲቭ ማክዊን በ1968 በወጣው "ቡሊት" ፊልም የሳንፍራንሲስኮን ዳገትና ቁልቁለት በአረንጓዴ ፎርድ ማስታንግ አርሶት ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ መኪናው ተሸጠ። እጅ ቀያይሮ በ1974 አንድ የኒው ጀርሲ ሰው መጽሔት ላይ በወጣ ማስታወቂያ በ6 ሺህ ዶላር ገዛው፤ አስተማሪ የነበረችው ሚስቱም ትምህርት ቤት ትመላለስበት ጀመር። በ1977 ከማክዊን ደብዳቤ መጣ። መኪናውን መልሶ መግዛት እንደሚፈልግ፣ በምትኩ ሌላ ማስታንግ እንደሚያፈላልግለት፣ ዋጋው የሚበዛ ከሆነ ግን ነገሩ ቢቀር እንደሚሻል ይናገራል። ባለ መኪናው አልሸጠም። ማክዊን በ1980 ሞተ። በጥር 2020 የሰውየው ልጅ መኪናውን ፍሎሪዳ ለጨረታ ሲያቀርበው 3.4 ሚሊዮን ዶላር ተጠራበት።

ጋሽ ዜድ ይህን ታሪክ በቃሉ ያውቀዋል፤ ጥፋቱንም ያገኘ ይመስለዋል። "ብዙ ብር ከሆነ ይቅር ይባላል? ፈላጊ እንዲህ ብሎ ይጽፋል?" ይላል። እኛን የሚያስቀን ግን ሌላው ነው፤ ሌላ ማስታንግ ላፈላልግልህ ማለቱ። ሌላው ያን ያህል የሚያጠግብ ከሆነ ለምን ራሱ አይወስደውም ነበር? ያቺኑ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው፣ ለባላጋራው ሲሆን የምትመስላት ትበቃዋለች ብሎ ያስባል። ጋሽ ዜድም ያንን ፀጉረ ቀይ ሰውዬ ቢያገኘው ሊያቀርብለት ያሰበው ይህንኑ ነው።

የተሳካለትም አለ። አንድ አሜሪካዊ ፊላዴልፊያ ውስጥ በ1970 ኦስቲን ሂሊ የስፖርት መኪናው ተሰረቀበት። በ2012 ኢቤይ ላይ ሲያስስ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ነጋዴ ለሽያጭ ያወጣውን አየ፤ የሻንሲ ቁጥሩ የራሱ ሆነ። ሊብሬውንም ቁልፉንም ያን ሁሉ ዘመን አስቀምጦ ኖሯልና ፖሊስ መኪናውን አስመለሰለት። ጋሽ ዜድ ይህን ባነበበ ጊዜ በቁጭት ጠረጴዛ መታ። "ምነው ያኔ በሰረቁኝ!"

ዋጋውስ? በ1990ዎቹ መጨረሻ ኒሳን ራሱ አሮጌ 240 ዜዶችን እየሰበሰበ፣ አድሶ፣ በነጋዴዎቹ በኩል በ25 ሺህ ዶላር ገደማ ሸጧል። ሥራው አላዋጣም መሰል ሃምሳ እንኳ ሳይሞላ ተወው። ጋሽ ዜድ ያኔ "አብደዋል እንዴ! አሮጌ መኪና በዚህ ዋጋ!" ብሎ ስቆ ነበር። ማስታንጉ በተሸጠበት በዚያው በጥር 2020 አንዲት ንጹሕ 240 ዜድ በኢንተርኔት ጨረታ 310 ሺህ ዶላር አወጣች። እርግጥ እንዲህ ያለው ዋጋ በየቀኑ የሚሰማ አይደለም፤ ግን ወሬው ይበቃል። ወለሏ በክረምት ጨው ተበልቶ አስፋልት የምታሳይ ዳትሰን ጓሮው የጣለ ሁሉ ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲደወልለት ድምፁ ተቀይሯል። ጨው ካነሣን አይቀር፣ ብርቱካኗም ከዚህ አካባቢ ካልወጣች ከባትሪ ማስቀመጫዋ ጀምሮ ምን ያህሏ እንደተረፈ መገመት አያቅትም። ይህን ጋሽ ዜድ ፊት የሚያነሣ የለም።

አንድ ሰሞን "ጡረታ ስወጣ ይዣት አገሬ እገባለሁ፤ ቦሌ ላይ ታዩኛላችሁ" ይል ነበር። በጥር 2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለች። ልጁ፣ መኪናዋን ያሸጠችው ያቺው ልጅ፣ ልታጽናናው ብላ "አባዬ፣ ሞተሯን አውጥተህ ኤሌክትሪክ አስገባባት፤ ሰዎች እያደረጉት ነው" አለችው። እራት ሳይበላ ተኛ።

በቅርቡ ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ብርቱካናማ 240 ዜድ ለሽያጭ ወጣች። ጋሽ ዜድ የኢንሹራንሱን ወረቀት ይዞ ከነፈ። ባለ መኪናው ሸምገል ያለ ፈረንጅ ነው፤ ኮፋኖውን ከፈተለት። ጋሽ ዜድ ቁጥሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ ኤችኤልኤስ 30 ድረስ ትክክል ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሌላ መኪና ነው። ሰውየው ፊቱን አይቶ ገባው። "አንተም ነህ እንዴ?" አለው። ለካ እርሱም ይህቺን የሚሸጠው በወጣትነቱ የነበረችውን ሰማያዊ ዜድ ለመፈለጊያ ገንዘብ ቢሆነው ብሎ ነው። ጋራዡ ደጃፍ ተቀምጠው ስለ ካርቡሬተር፣ ስለ ፍሪሲዮን፣ ስለማይሠራው ሰዓት ሲያወሩ መሸ። ሲለያዩ ቁጥር ተለዋወጡ፤ የስልክም የሻንሲም። ጋሽ ዜድ በሜሪላንድ በኩል ሰማያዊዋን፣ ሰውየው በቨርጂኒያ በኩል ብርቱካኗን ሊያስሱ ተስማሙ።

ባለቤቱ ይህን ሁሉ በጸጥታ ስትሰማ ቆየችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"ሰውየው ሚስት አለችው?"

"አለችው፤ ምነው?"

"የኔንም ስልክ ስጥልኝ።"