እሪ በከንቱን አደራ

በአዲስ አበባ ቅርስ አይጠበቅም የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። እንዴት አይጠበቅም? አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የፒያሳ የቀበሌ ቤቶች ሲጠበቁ ነው የኖሩት፤ እስኪወድቁ። ጣሪያው ሲያፈስ ማንም አልነካው። ተከራዩ ቆርቆሮ ልቀይር ሲል ፈቃድ አምጣ ተባለ። ባለ ጥልፍ እንጨቱ ሰገነት ሲዘም ዝም፣ የጭቃው ግድግዳ ሲሰነጠቅም ዝም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ሲል ባለሙያ መጣና ቤቱ አርጅቷል ብሎ መሰከረ። ይህን ያህል ዘመን በትዕግሥት ጠብቆ ማፍረስ ጥበቃ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ሕግ የለም እንዳትሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ የጽሑፍ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሣ ይከለክላል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ አዋጁን ማን ጣሰ? አሮጌዎቹ ቤቶች ከቦታቸው አልተነሡም፤ ባሉበት ነው የፈረሱት። በቅርስ መዝገብ ላይ ስሙ ከሰፈረው መካከል ቆሞ የሚታይ ቤትማ አለ፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሄደው፣ በሽማግሌ ድድ ላይ እንደቀረች ጥርስ ብቻውን።

የቀበሌ ቤቶቹ የሽንት ቤት ወረፋም ቅርስ ነው ወይ? ብሎ የሚሞግተኝ አለ። እውነቱን ነው፤ ወረፋው ቅርስ አይደለም። ታዲያ ሽንት ቤት ለጎደለው ሰፈር ሽንት ቤት መሥራት የተራ ሰው ሐሳብ ነው። አዋቂ ጥፍሩ ሲረዝም ጣቱን ይቆርጣል።

የኮሪደሩን ዲዛይን ጥንቃቄ ደግሞ ተመልከቱ። የእግረኛው መንገድ ስፋት፣ የመብራቱ ምሰሶ፣ የሕንፃው ቀለም ሳይቀር ተወስኗል። የተረሳው በሜትር የማይለካው ብቻ ነው፦ የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ደጅ፣ ዱቤ የሚጽፍ ባለሱቅ፣ ቡና ፈልቷል ኑ ብላ የምትጣራ ጎረቤት። ከተነሡት ነዋሪዎች መካከል ከከተማው ዳር ገላን ጉራ የደረሱ አሉ። ሰው መቼም ተንቀሳቃሽ ነው፤ እሱን ከቦታው ለማንሣት የቅርስ ባለሥልጣን ፊርማ አያሻም። ለቀብር የሚጠራራው እድርተኛም ከእንግዲህ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ በታክሲ ይፈላለጋል፤ ሟቹ እንደሆነ አይቸኩልም።

እኔ ለመጪው የመልሶ ማልማት መመሪያ አንድ አንቀጽ ብቻ እንዲጨመር እለምናለሁ፤ የሰፈር ስም እንዲጠበቅ። ዶሮ ማነቂያ ዶሮም አናቂም ባይኖረው ስሙ ይቆይ። ከሁሉም በላይ ግን እሪ በከንቱን አደራ! ሌሎቹ ስሞች ትዝታ ሲሆኑ እሱ አንድ ቀን እንኳ ሥራ አልፈታም። ነዋሪው ከዶዘሩ በኋላ አስተያየት እንዲሰጥ ለሚጠራበት አዳራሽ ሌላ ስም አትፈልጉ፤ ይኸው ከጥንት ጀምሮ ተዘጋጅቶለታል።