ኬዝ ከነብሎኑ

የኮምፒውተር ኬዝ የሚመረጠው ማዘርቦርዱ ከታወቀ በኋላ ነው። ደንቡ ይኸው ብቻ ስለሆነ ማንም አይስተውም ተብሎ ይታሰባል። ጉለሌ ውስጥ ግን፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ቤቱ ኮምፒውተር ሊገጣጥም የተነሣ ወጣት መጀመሪያ ገዝቶ ታክሲ ላይ የሚጭነው ኬዙን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኬዝ ይታያል። ጎኑ መስታወት ነው፣ ማራገቢያዎቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ይበራሉ፣ ካርቶኑም ታክሲ ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ ይዞ የአንድ ሰው ሒሳብ ስለሚያስከፍል ሰፈሩ ሁሉ መግዛቱን ያውቅለታል። ማዘርቦርድ በፌስታል ተንጠልጥሎ ይመጣል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ በተግባር ቦርድ የሚፈለገው ለኬዙ ነው፤ ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል።

ልኩን በተመለከተ ዓለም ከተስማማ ቆይቷል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለ ደረጃ የሙሉ ቦርድን ልክ 305 በ244 ሚሊ ሜትር አድርጎ ቆረጠው። በ1997 የተከተለው ማይክሮ ኤቲኤክስ በአራቱም ጎኑ 244 ሚሊ ሜትር ነው። ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ በ2001 ያስተዋወቀው ሚኒ አይቲኤክስ ደግሞ 170 በ170 ነው። ትንሹ ቦርድ ከትልቁ የብሎን ቀዳዳዎች የተወሰኑትን እንዲጋራ ታስቦ ስለተሠራ፣ ሙሉ ኤቲኤክስ ኬዝ ሦስቱንም ያስተናግዳል። የማይክሮ ኤቲኤክስ ኬዝ ራሱንና ሚኒውን ይቀበላል። የሚኒ ኬዝ ግን ከሚኒ በቀር እንግዳ አያስገባም፤ ልመናም አይሰማም። ከኤቲኤክስ የሚሰፉ፣ እስከ 330 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ቦርዶችም አሉ። እነዚህ ስማቸው አንድ ሆኖ ስፋታቸው ስለሚለያይ ገዢያቸው ሜትር ይዞ ቢሄድ ያዋጣዋል። ሜትር እንደሆነ ሽሮ ሜዳ በየልብስ ሰፊው አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

ቦርዱ ስለገባ ብቻ ነገሩ አላለቀም። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ቁመት አለው፤ ትልልቆቹ 165 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ፣ ቀጭን ኬዝ ውስጥም የጎኑ ክዳን አልዘጋ ይላል። ግራፊክስ ካርዱ ርዝመት አለው፤ ዛሬ ዛሬ ከ300 ሚሊ ሜትር ማለፉ ብርቅ አይደለም። የፓወር ሰፕላዩም ዓይነት ይለያያል፤ የተለመደው ፊቱ 150 በ86 ሚሊ ሜትር ሲሆን ትንንሽ ኬዞች ከእሱ ያነሰውን ይጠይቃሉ። እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች ካርቶኑ ጎን ላይ ተጽፈዋል። ሻጩ ሲጠየቅ ግን ካርቶኑን አያነብም፤ «ይገባል ወንድሜ፣ ሁሉም ይገባበታል» ይላል፣ እንደ ምስክር እጁን ኬዙ ላይ ጭኖ።

ገንዘብ ያጠረው ገጣጣሚ ደግሞ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ያስባል። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ከተማውን ሞልተውታል፤ ላሜራቸው ወፍራም ነው፣ ዋጋቸውም ከአዲስ ኬዝ ብዙም አይርቅም። ችግሩ ብዙዎቹ የተሠሩት ለራሳቸው ቦርድ ብቻ መሆኑ ነው። የፓወር ሰፕላዩ መሰኪያ የራሱ ነው፣ የማብሪያው ገመድ የራሱ ነው፣ የቦርዱ መቀመጫ ከላሜራው ጋር አብሮ የተጨመቀ ስለሆነ ነቅሎ ሌላ ቦታ ማዛወር አይቻልም። የሰው ቦርድ ይዞ የመጣ ሰው በመጋዝና በሞረድ ካልሆነ አይስማማውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መምጣት ይቻላል። ዋናው ነገር ትንሽ ነው።

ቦርድ በቀጥታ ላሜራ ላይ አይተኛም። ጀርባው በብየዳ ነጥቦች የተሞላ ስለሆነ ብረት ከነካው ይቃጠላል፣ ወይም አልነሣም ይላል። ስለዚህ በቦርዱና በላሜራው መካከል ትናንሽ የናስ እግሮች ይገባሉ። እግሩ ከታች ወንድ፣ ከላይ ሴት ነው፤ ወንዱ ላሜራው ላይ ይጠብቃል፣ ሴቷ በቦርዱ ቀዳዳ በኩል የሚመጣውን ብሎን ትቀበላለች። ቁመቱ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሙሉ ኤቲኤክስ ቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ዘጠኝ እግር ይፈልጋል፣ ሚኒው አራት። ማይክሮ ቦርድ ትልቅ ኬዝ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ደግሞ ትርፉን እግር መንቀል አለበት። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የቀረች አንዲት እግር ከጀርባ ገብታ የብየዳ ነጥብ ትነካለች። ማብሪያው ሲጫን ማራገቢያው ግማሽ ዙር ይዞርና ቀጥ ይላል። ባለቤቱም መብራት የጠፋ መስሎት ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል።

እግሮቹና ብሎኖቹ ከፋብሪካ የሚመጡት በአንዲት ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ነው። ከረጢቷ ብዙውን ጊዜ ኬዙ ውስጥ የዲስክ መቀመጫው ላይ ታስራ ትገኛለች፤ ትገኝ ነበር ማለት ይሻላል። መርካቶም ይሁን መገናኛ ኬዙ ለእይታ ሲከፈት ከረጢቷ ትወጣለች፣ ኬዙ ሲሸጥ አትመለስም። ገዢው ይህን የሚያውቀው ቤቱ ደርሶ፣ ምንጣፍ ላይ ዕቃውን ሁሉ ዘርግቶ፣ ካቻቪቴ ከጨበጠ በኋላ ነው። ስልክ ይደውላል። «ብሎን ምን ችግር አለው፣ የትም ታገኛለህ» ይባላል።

የትም አይገኝም። ለምን እንደማይገኝ ለማስረዳት ትንሽ ራቅ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል።

የኬዝ ብሎን በብዛት 6-32 የሚባለው የአሜሪካ ብሎን ነው። ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ 32 ጊዜ ይጠመዘዛል። የሲዲ ማጫወቻና የትንሹ ዲስክ ብሎን ግን ኤም 3 የሚባለው ነው፤ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ጥርሱ በየግማሽ ሚሊ ሜትሩ። ሁለቱ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ አንዱን በሌላው ቤት ለማስገባት የሞከረ ሰው ግን ወይ ጥርሱን ይልጠዋል ወይ ላልቶ ይቀርበታል። የመርካቶ ብሎን ሻጮች በአብዛኛው የሚቆጥሩት በሚሊ ሜትር ነው። 6-32 ብሎ የጠየቀ ሰው «ስድስት ቁጥር ነው ሠላሳ ሁለት ቁጥር?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ሁለቱም ተቆጥረው ይሰጡታል፣ ሁለቱም አይገቡም።

ጠቡ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ የብሎን ጥርስ 55 ዲግሪ ይሁን ያለው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ በ1864 ተነሥቶ 60 ይሁን አለ። አምስት ዲግሪ በዓይን የሚለይ ነገር አይደለም፤ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን ዕቃ በአሜሪካ ብሎን፣ የአሜሪካን በእንግሊዝ ብሎን ማሰር የማይቻል አደረገው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ ዋሽንግተን ላይ ተሰብስበው በ60 ዲግሪ የተስማሙት በኅዳር ወር 1948 ነበር። ጉለሌም በዚህ ታሪክ ጥግ ላይ አለች። ንጉሠ ነገሥቱን አጅቦ በ1941 በገባው የእንግሊዝ መኮንን ስም የተሰየመው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1946 ነው። ዊንጌት የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል የእንግሊዝ ብሎንና የአሜሪካ ብሎን ገና አልታረቁም ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግቢው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። እርቁ ደግሞ ብዙም አልቆየም፤ የተቀረው ዓለም ወደ ሚሊ ሜትር ሄደና የኢንች ብሎን በዋናነት ለአሜሪካ ቀረ። አይቢኤም በ1981 የግል ኮምፒውተሩን ሲያወጣ የአገሩን ብሎን ይዞ ወጣ። ታይዋንና ቻይና የአሜሪካኑን ኬዝ ሲቀዱ ብሎኑንም ቀዱ፤ እነሆ ሚሊ ሜትር እየተጠቀመ የሚኖር ፋብሪካ በሚሊ ሜትር ለሚኖር አገር በኢንች የተጠረበ ብሎን ይልካል። የኬዙ የጀርባ መስኮት፣ ገመዶች የሚሰኩበት፣ 158.75 በ44.45 ሚሊ ሜትር የመሆኑ ምሥጢርም ይኸው ነው፤ ስድስት ከሩብ ኢንች በአንድ ኢንች ከሦስት ሩብ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ፋብሪካው ያውቃል። ስለሚያውቅም ነው ብሎኑን ቆጥሮ በከረጢት አሽጎ ኬዙ ውስጥ ያሰረው። ከረጢቷ ስጦታ አይደለችም፤ ዋጋዋ ከኬዙ ዋጋ ጋር ተከፍሏል። ካርቶን ከፍቶ፣ ከረጢቷን አውጥቶ፣ ካርቶኑን በፕላስተር አሽጎ «ያልተነካ ነው» ብሎ መሸጥ በየትኛውም የንግድ ልማድ ስሙ ማጉደል ነው። ከኪሎ ሥጋ ላይ መቶ ግራም ቢጎድል ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ሰው ይሰበሰባል፤ ያለ ብሎን ኬዝ የተሸጠለት ግን «ሦስት ቦታ ብትመታው ይበቃዋል» ተብሎ ይሸኛል። አይበቃውም። በሦስት ብሎን የተንጠለጠለ ቦርድ ራም ሲጫንበት ይጎብጣል፤ የጎበጠ ቦርድም አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ያኔ «ቦርዱ ኦሪጅናል ስላልሆነ ነው» ይባላል፤ የሚባለውም ብሎኗን ባስቀረው ሰው አፍ ነው። በቆርቆሮ መቆንጠጫ፣ በሱፐር ግሉ፣ በተጠቀለለ የሲጋራ ወረቀት የታሰሩ ቦርዶች የታዩበት ከተማ ነው። ቢያንስ የሲጋራ ወረቀቱ እሳት እንደሚፈልግ መታሰብ ነበረበት።

ለሻጩም ፍትሕ መስጠት ያስፈልጋል። ከረጢቷን ለራሱ ያደረጋት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ምን ያደርግባታል? ምናልባት ከትናንት በስቲያ ብሎን አጥቶ የመጣ ደንበኛ ለምኖት ሰጥቶት ይሆናል። ለምኖ የወሰደውም ከዚያው ከጉለሌ የሄደ ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት ከተማው ውስጥ የሚጎድለው ከረጢት ቁጥሩ ያው ነው፤ ከአንዱ ካርቶን ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ።

የቀረው አየር ነው፤ አየርም ለጉለሌ ከሌላው ሰፈር ይልቅ ይመለከተዋል። በአንዳንድ ቻይና ውስጥ በተሠሩ ፓወር ሰፕላዮችና አዳፕተሮች ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ፤ ዕቃው ከዚያ ከፍታ በታች ለሚውል ታስቦ የተፈተሸ ነው ማለት ነው። ጉለሌ ከእንጦጦ ሥር ከ2400 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ የጎደለውን ይክሳል። ቢሆንም ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ኬዝ ለዚህ ሰፈር አይመከርም፤ ፊቱ ወንፊት የሆነው ይሻላል። ወንፊት ደግሞ የበጋ አቧራ ያስገባል፤ ከጥር ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ በብሩሽ መጥረግ ነው።

አናቱ ላይ መተንፈሻ ያለው ኬዝ ሲገዛ የቤቱ ሁኔታም ይታሰብ። ኬዝ ሳሎን ከገባ በኋላ ሥልጣኑ ከገጣጣሚው እጅ ይወጣል። በመጀመሪያው ሳምንት አናቱ ላይ ዳንቴል ይነጠፋል፣ በሁለተኛው ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይቆማል፣ ለበዓል ደግሞ የፈንዲሻ ሳህን ይታከልበታል። «እማዬ፣ ይሄ እኮ መተንፈሻው ነው» ቢባል «ታዲያ አቧራ ይግባበት?» የሚል መልስ ይመጣል። መልሱ ሲመረመር ባዶ አይደለም፤ ዳንቴል ቀዳዳ አለው፣ ፋብሪካው ማጣሪያ ብሎ ከሚሸጠው ወንፊትም ብዙ አይለይም። በጥጥ ክር ቁጥርና በማራገቢያ ጉልበት መካከል ያለው ዝምድና ግን በየትኛውም የኬዝ ካርቶን ላይ አልተጻፈም። ዕጣን በሚጨስበት፣ ከሰል በሚራገብበት ማዕዘን ማስቀመጥም የተለመደ ነው፤ ጀበና ይዞ የሚመጣ ሰው ኬዙን አልፎ ነውና የሚቀመጠው፣ የመስታወቱ ጎን ወደ ግድግዳ ቢዞር ይመረጣል።

ኬዝ በአግባቡ ከተያዘ ሦስትና አራት ቦርድ ያሳልፋል፤ ኤቲኤክስ ከ1995 ወዲህ የቀዳዳዎቹን ቦታ ስላልለወጠ የድሮ ኬዝ የዛሬን ቦርድ ይሸከማል። በመጨረሻ ቆራሌው በር ላይ ሲጣራ በኪሎ ይሸጥና ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። አንባቢ ሆይ፣ ኬዙን ለቆራሌው ከመስጠትህ በፊት የናስ እግሮቹንና ብሎኖቹን ነቅለህ በአንድ ፌስታል አስቀር። ለብረት ሚዛን አይሞሉም፤ ጎረቤትህ ግን ይፈልጋቸዋል።