ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር አቶ ኖራ

ቀን፦ ቧንቧው የመጣ ዕለት
ለክቡር አቶ ኖራ (በመዝገብ ስማቸው ካልሲየም ካርቦኔት)
ባሉበት
ጉዳዩ፦ የቀረበብዎትን ክስ ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ከደባይ ጥላትግን እስከ ደብረ ማርቆስ ባሉ ሻይ ቤቶች ስምዎ በክፉ እየተነሳ ነው። ቁይ ከተማ ላይ አንዲት ሻይ አፍይ ገበያው ሳይሞላ በራዷን ገልብጣ ጎኑን መታ መታ ስታደርገው የእንቁላል ቅርፊት የመሰለ ነጭ ነገር ይረግፋል። ደንበኛው ያየዋል። «ይኼን ነዋ እስከ ዛሬ ስንጠጣ የኖርነው!» ይላል፤ ፊቱን አጨማዶ። ከዚያ ሁለተኛ ሻይ ያዛል።

ክሱ ረጅም ነው። ሳሙና ይጨርሳሉ፣ የውሃ ማሞቂያ ያበላሻሉ፣ የሻወር ቀዳዳ ይደፍናሉ፣ አልፈው ተርፈውም ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይጥላሉ ይባላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን መካድ አይቻልም፤ እጅ ከፍንጅ ተይዘዋል። የዝናብ ውሃ በአየርና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ በመጠኑ ይኮመጥጣል፤ ድንጋዩን እየላሰም እርስዎን አሟሙቶ ይወስድዎታል። ውሃው በራድ ላይ ሲፈላ ጋዙ ይበናል፣ እርስዎም የሚያሟሟዎ አጥተው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። ሎሚ ወይም አቼቶ ካፈሰሱብዎ ግን አረፋ ደፍቀው ይለቃሉ።

የአራተኛው ክስ ማስረጃ ግን የሳሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርስዎና ለጓደኛዎ ለማግኒዚየም የጤና ገደብ አላወጣም፤ በሊትር 200 ሚሊ ግራም ገደማ ካለፋችሁ ዕቃ ላይ ቅርፊት እንደምትሠሩ ነው የሚናገረው። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ 300 ላይ ያስቆማችኋል። ኩላሊቱ ጠጠር የያዘበትንም ሰው ሐኪሙ ውሃ አብዝተህ ጠጣ ይለዋል እንጂ ከውሃ ሽሽ አይለውም።

የትውልድ ቀዬዎም ቢሆን የሚያሳፍር አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ በገደሉ ላይ ተደርድረው የሚያያቸው ገርጣ ያሉ የድንጋይ እርከኖች፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር የተኛበት የእርስዎ ርስት ናቸው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፊት እሳተ ገሞራ ፈሶ በባዛልት ከደነዎት። የጎጃም ደገኛ የሚያርሰውና የሚኖረው በእርስዎ ጣሪያ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከጮቄ ተራራ የሚነሳው ውሃም ይበልጡን የሚያልፈው በዚሁ ባዛልት ውስጥ ስለሆነ፣ የሚያገኘው እርስዎን ራስዎን ሳይሆን ባዛልቱ ራሱ የሚለቃቸውን ጥቂት ዘመዶችዎን ነው። በሙሉ ክብርዎ መታየት ያማረው ሰው ያለ ክዳን ወደሚኖሩበት ወደ መቀሌ ወይም ወደ ድሬዳዋ ይሂድ። የቁይ በራድ ከእነሱ በራድ አጠገብ ቢቀመጥ ገና ጀማሪ ነው።

ድሬዳዋ ከተነሳች አይቀር፣ እዚያ ሁሉም ጣቱን ወደ እርስዎ ሲቀስር ከሽንት ቤት ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የሚሰርግ ናይትሬት የሚባል ጎረቤት አለዎት። እሱ ቅርፊት አይሠራም፣ ጣዕም አይቀይርም። ሲያፈሉት እንኳ አይጠፋም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ይከማቻል እንጂ።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው ነገር ደግሞ የባሰ ያስቃል፤ መሳቅ ከተቻለ። እርስዎ በበዙበት ውሃ ፍሎራይድ ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። እርስዎ በሌሉበት ግን ማን ይይዘዋል? ሳሙናው በቀላሉ አረፋ ይደፍቃል፣ በራዱ ንጹሕ ነው፣ የልጆቹ ጥርስ ግን ይበልዛል። በወንጂ ስኳር እርሻ ዙሪያ የኖሩ ቤተሰቦች ጥርስና አጥንት ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ አገር እርስዎን የሚከስ የለም፤ የሚናፍቅዎ ቢኖር ነው።

የሚናፍቅዎ አገር በእርግጥ አለ። የስኮትላንዷ ግላስጎው እ.ኤ.አ. ከ1859 ጀምሮ ከሎክ ካትሪን ሐይቅ ኖራ የማያውቀው ውሃ ስትጠጣ ኖረች። ከተማዋ ኮራችበት። ያ ውሃ ግን የሚላሰው ኖራ ሲያጣ የእርሳስ ቧንቧውን ይልስ ጀመር፣ እርሳሱም ከነዋሪው ደም ገባ። መፍትሔው ምን ሆነ ቢሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ እርስዎን የመሰለ ኖራ ገዝተው ውሃው ውስጥ ጨመሩ። እኛ ዘንድ በነጻ መጥተው ይሰደባሉ፤ እዚያ በበጀት ተጠርተው ሄዱ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በብዙ ከተሞቻችን ውሃ በፈረቃ ነው። ፈረቃው ሲያልቅ ቧንቧው ውስጥ ግፊት ይወርዳል፣ የተሰነጠቀው ቦታም በዙሪያው ያለውን ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። በማግስቱ ያ ውሃ ጥርት ብሎ ጀሪካን ይሞላል። የመጠጥ ውሃ ደረጃው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ የሰገራ ባክቴሪያ ዜሮ ይሁን ይላል፤ ዜሮ መሆኑን ግን በዓይን አይቶ የሚያውቅ ሰው አልተወለደም። ሻይ አፍይዋ ውሃውን አንተክትካ ባክቴሪያውን ትገድላለች፣ በዚያው እሳት እርስዎን በራዱ ላይ ታጋግራለች። ደንበኛው የዳነበትን እሳት ትቶ ቅርፊቱን ይረግማል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ከጀሪካኑ ሳያፈላ በጣሳ ቀድቶ ይጠጣል።

ጥፋትዎ፣ ክቡር ሆይ፣ መታየትዎ ነው። ከውሃው ጋር ከሚመጡት ሁሉ ፈርመው የሚሄዱ እርስዎ ብቻ ነዎት። የውሃ ሂሳብ ደረሰኝ ላይ ያለፈው ንባብ አለ፣ የአሁኑ ንባብ አለ፣ የቆጣሪ ኪራይ አለ፤ በሜትር ኩቡ ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገር መስመር የለም። የምርመራ ውጤት አንድ መሳቢያ ውስጥ እንደሚቀመጥ ይነገራል። መሳቢያው ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ነው።

ስለሆነም ክሎሪን፣ ናይትሬት፣ ፍሎራይድና ባክቴሪያ በቁጥር ተጽፈው ከታሪፉ ጎን ቦኖው ላይ እስኪለጠፉ ድረስ፣ በበራዱ ላይ ያለዎትን ውክልና እንዳይለቁ ትብብርዎን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአቼቶና ለሎሚ፣ ለጊዜው እንዲታገሱ
ለአቶ ናይትሬትና ለአቶ ፍሎራይድ፣ አድራሻቸው ስለማይታወቅ በመሳቢያው በኩል