ጉሬዛው የጻፈው ደብዳቤ

ተረት ተረት።
የላም በረት።

ከንጉሡ ጎተራ አንዲት ቁና የማይሰፈርለት ትምህርት ቤት ነበረ አሉ። የሚኖረው ወላጆች በየወሩ በሚከፍሉት እህልና ባለጸጎች በሚሰጡት ስጦታ ነው። ስለዚህ የሚታዘዘውም ለንጉሡ ሳይሆን ለቦርዱ ነው። ትምህርት ቤቱ የተጠለለበትን ዋርካ የሰጠው ዝሆን ሰብሳቢ፣ ጎሽና ከርከሮ አባል። ርእሰ መምህሩ ጉሬዛ ነበር። ካባው ጥቁርና ነጭ ነውና በየስብሰባው "እኔ ራሴ ሁለት ቀለም ነኝ" ማለት ይወዳል፤ ያጨበጭቡለታል።

በዚያ ትምህርት ቤት አንዲት የጃርት ልጅ ትማር ነበር። አንዲት ብቻ። በሩ ላይ በተሰቀለው ሥዕል ግን ሦስት ቦታ ተስላለች፤ ከፊት፣ ከመሃል፣ ከዳር። አላፊ አግዳሚው "ለካ እዚህ ቤት ጃርት በሽ ነው!" ይላል። ሥዕሉን ያዘዘው ክፉ ነው አልልም፤ መቁጠር ግን አይችልም።

ክፍል ውስጥ ልጆቹ እሾኋን ይነኩባታል። መጀመሪያ "ሲያምር!" እያሉ፣ ቀጥሎ እየጎተቱ፣ ኋላ እየነቀሉ። የዝሆኑ የልጅ ልጅ በኩምቢው አንዱን መዝዞ ባወጣ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። መምህርት ቆቅ "ጨዋታ ነው" ብላ ወደ ሰሌዳዋ ትዞራለች። ልጅቷም እቤት ስትገባ "ቁጥቋጦ ይዞኝ ነው" ትላለች።

አንድ ጠዋት የሚዳቋ ግልገል ሊነቅል ሲጠጋ ልጅቷ ዘወር አለች፤ አፍንጫው ተወጋ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ወሬው ጫካውን አዳረሰው፦ "ጃርቲቱ እሾኋን እንደ ጦር ወረወረች!" ጃርት እሾህ አትወረውርም። የተጠጋትን ይወጋዋል፣ አንዳንዴም ተነቅሎ ይወድቃል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ጫካው ይህን አያጣውም፤ ነገር ግን "ወረወረች" የሚለው ቃል ለአፍ ይጣፍጣል።

ቦርዱ ያን ሌሊት ተሰበሰበ። ጉሬዛው ቀድሞ የኮባ ቅጠል ዘርግቶ መጻፍ ጀምሯል። መቃ ብዕሩ ስለደነዘዘበት ከግቢው ያነሳትን አንዲት ሹል ነገር ቀለም እየነከረ፣ አውራ ጣት የለውምና በአራት ጣቱ ጨምድዶ ነው የሚጽፈው። የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ "የጃርት ልጅ እሾኋን ለወራት ስትነቀል ኖራለች። እኛም አይተን ዝም ብለናል። ይቅርታ እንጠይቃለን።"

"'ለወራት' የሚለው ይውጣ" አለ ጎሽ። "ማን ቆጠረ?"

ወጣ።

"'ስትነቀል' ካልክ ነቃይ ይፈለጋል" አለ ዝሆን ጆሮውን እያራገበ። "'አለመግባባት' በለው።"

"ይቅርታ ማለት ጥፋት ማመን ነው፤ ነገ ዳኛ ፊት ያቆሙናል" አለ ከርከሮ። "'አዝነናል' ይበቃል። ደግሞ 'የጃርት ልጅ' ካልክ ሚዳቋዎች ይከፋቸዋል። 'ተማሪዎች' በል።"

ጎህ ሲቀድ ቅጠሉ ላይ የቀረው ይህ ነበር፦ "ውድ ወላጆች፣ በተማሪዎች መካከል በተፈጠረው አለመግባባት አዝነናል። ትምህርት ቤታችን ልዩነትን እንደ ጌጥ ያያል።"

ለሁሉም በአንድ ሰዓት ተላከ። እናት ጃርትም እንደ ቀጭኔው፣ እንደ ጦጣዋ አንድ ቅጠል ደረሳት። ከዚያ በፊት ደጇን የረገጠ አልነበረም።

በማግስቱ ዋርካው መናገር ጀመረ። የቀድሞ ተማሪዎች በጨለማ እየመጡ ቅርፊቱ ላይ ይጭራሉ። ስም የለም፣ ትምህርት የጨረሱበት ዓመት ብቻ። "ኤሊ ነኝ። መምህሩ አንድ ቀን 'ፈጠን በይ' አለኝ፤ ክፍሉ እስክጨርስ 'ፈጣኗ' እያለ ጠራኝ።" "የሌሊት ወፍ ነኝ። ከወፎቹ ማዕድ 'አይጥ ነሽ'፣ ከአይጦቹ ማዕድ 'ወፍ ነሽ' ተባልኩ። ምሳዬን ተንጠልጥዬ በላሁ።"

(አሜሪካ ላለ አንባቢ ይህ ተረት ላይመስለው ይችላል። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ላይ ከተገደለ በኋላ፣ የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ተመራቂዎች ኢንስታግራም ላይ "ብላክ አት" ብለው የትምህርት ቤታቸውን ስም እያስከተሉ ገጽ ከፈቱ። ብዙዎቹ ስማቸውን ሳይሆን የተመረቁበትን ዓመት ነበር የሚጽፉት። ትምህርት ቤቶቹም ደብዳቤ በደብዳቤ ሆኑ። ዋሽንግተን ዙሪያ ሹሩባ የተሠራች ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት የሚልኩ የኛ እናቶች፣ የእሾኹን ነገር ሳልፈታላቸው ይገባቸዋል።)

"ቅርፊቱ ዙሪያውን ይላጥ!" አለ ዝሆን።

"ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል" አለ ጉሬዛው።

"ይድረቅ" አለ ከርከሮ፣ "ብቻ ንጹሕ ይሁን።"

ጉሬዛው መልስ አልሰጠም። ብዕሩን እንደጨበጠ ወደ ምድር ወረደ። ጉሬዛ ደግሞ መሬት መርገጥ አይወድም።

የጃርቶቹ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲደርስ ጨረቃ ወጥታለች። እናቲቱ በልጥ የታሰረ እሽግ ይዛ ብቅ አለች።

"እንደምን አመሹ እመቤቴ። ደብዳቤው ደረሰዎ?"

"ደረሰኝ የኔታ። ደጋግሜ አነበብኩት። ልጄን ፈለግኋት፣ አጣኋት።"

"መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ አልነበረም።"

"የመጀመሪያውን ለማን ላኩት?"

ጉሬዛው ጭራውን አየ። እሷ ልጡን ፈታች፤ ጥቁርና ነጭ እሾህ መሬት ላይ ተዘረገፈ።

"ልጄ ሠላሳ አንድ ነው ትላለች። ሲነቅሏት ትቆጥር ነበር። እኔ ግቢያችሁን በሌሊት ዞሬ የለቀምኩት ሠላሳ ነው።" የኮባ ቅጠሉን አንስታ ወደ ጨረቃው አስጠጋችው፣ የፊደሎቹን ቀጭን ጭረት በጥፍሯ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው። "የኔታ፣ ይህን በምን ጻፉት?"

ጉሬዛው አራት ጣቱን ፈታ።